ካርታና ብድር
ቤትን በመያዣ ሰጥቶ ስለ መበደር ለነጋዴዎቻችን የቀረበ ማብራሪያ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ስለ ዕውቀት የተነገረ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በገበያና በብድር ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ሌላ ምክርም ይሰጣል፤ ይኸውም አንድ ሰው አንብቦ ሳይረዳ የፈረመበት ወይም ጣቱን ያሳረፈበት ወረቀት ቤቱን ሊያስወርሰው የሚችል መሆኑን ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፥ ማለት በጭሮ (በቀድሞው ስሟ አሰበ ተፈሪ)፥ በሂርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶ፥ በመቻራ፥ በአሰቦትና በሚኤሶ የሚገኙ ነጋዴዎች ስለ ብድር ሲነጋገሩ አስቀድመው የሚጠይቁት «ወለዱ ስንት ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን በዕዳ ያጣ ሰው ያጣው በወለዱ ብዛት ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ይገናኙበታል። አንደኛው፥ ትክክለኛ ብድር የሚገኝበት በር በአንዳንድ ሰዎች ላይ ዝግ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ በሩ ዝግ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ አበዳሪ ወረቀቱን አዘጋጅቶ በዚያው ደጃፍ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት እንደሚያያዙ፥ በሌላ አገር ምን እንዳስከተሉ፥ በእኛም አገር ሕጉ ምን እንደሚልና ነጋዴው ምን ማድረግ እንደሚገባው ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ሀ. ቤት በነጋዴው ኑሮ ውስጥ ያለው ስፍራ

የጨርጨር አገር ንግድ ፋታ የማይሰጥ ንግድ ነው። ጫት ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ስለሚሄድ፥ ለገበሬው የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ ካልተገኘ ነገ ቢገኝ ጥቅም የለውም። በቡና ለቀማም ጊዜ የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ነው። ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ደግሞ በሬውን ገዝቶ፥ ለወራት ቀልቦ፥ ለበዓል ገበያ እስኪያደርሰው ድረስ ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን ተበዳሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መበደርም ነውር አይደለም።

አበዳሪ ደግሞ መያዣ ይፈልጋል። በትልቅ ከተማ የሚኖር ነጋዴ መጋዘን፥ የጭነት መኪና ወይም የአክሲዮን ወረቀት ሊያቀርብ ይችላል። የትንሽ ከተማ ነጋዴ ግን በአብዛኛው ያለው አንድ ቤት ነው። የዚያ ቤት የፊቱ ክፍል ሱቅ፥ ጓዳው መጋዘን፥ የኋላው ክፍል የቤተ ሰብ መኖሪያ ነው። ሰውየው ቤቱን በመያዣ ሲሰጥ ሱቁንም፥ መጋዘኑንም፥ የልጆቹንም መኝታ ባንድነት መስጠቱ ነው። ስለሆነም በቤት ላይ የሚጻፍ ውል እንደ ሌላው ውል በችኮላ የሚፈረም መሆን አይገባውም።

ለ. ቤት የሚታጣባቸው ሦስት መንገዶች

አንደኛው መንገድ አራጣ ነው። አራጣ ማለት ሕግ ከፈቀደው በላይ የሆነ ወለድ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በዓመት ሳይሆን በወር ነው። «በመቶ አሥር» ሲባል ለጆሮ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ይገባል። 100,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው ወለዱን በየወሩ ቢከፍል፥ በዓመቱ መጨረሻ 120,000 ብር ከፍሎ የ100,000 ብሩ ዕዳ ግን ሳይነካ ይጠብቀዋል። ወለዱን መክፈል አቅቶት በየወሩ በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ ደግሞ፥ በአሥራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ዕዳው ወደ 313,843 ብር ይደርሳል። ይኸው ገንዘብ በዓመት 12 በመቶ ቢበደሩት ዕዳው 112,000 ብር ብቻ በሆነ ነበር።

አራጣ አበዳሪ ብዙ ጊዜ የወለዱን ልክ በወረቀት አይጽፍም። ወለዱን አስቀድሞ ከዋናው ጋር ደምሮ «ይህን ያህል ተበድሬአለሁ» ብሎ ያስፈርማል፤ ወይም ገንዘቡ ያልተሞላበት ቼክ ፈርመህ ስጠኝ ይላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል የሚያስከስስ ስለሆነ፥ እንዲህ ያለ ቼክ በእጁ የያዘ አበዳሪ የተበዳሪውን ቤት ብቻ ሳይሆን ነፃነቱንም ጭምር እንደ ያዘ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ ወለድ አገድ ነው። በዚህ ስምምነት ተበዳሪው ወለድ አይከፍልም፤ በወለዱ ፈንታ አበዳሪው ቤቱን ወይም መሬቱን ይዞ ፍሬውን ይበላል። ልማዱ የቆየ ነው፤ በብዙ የአገራችን ክፍሎችም ይታወቃል። ወለድ የሚለው ስም ስለማይጠራበት ብዙ ሰዎች የዋህ ብድር አድርገው ይቈጥሩታል። እስቲ ይህንም በሒሳብ እንየው። አንድ ሰው 200,000 ብር ተበድሮ፥ በወር 5,000 ብር የሚከራይ ቤቱን ለአበዳሪው ቢያስረክብ፥ አበዳሪው በዓመት 60,000 ብር ያገኛል። ይህ ከዋናው 30 በመቶ ነው። አራት ዓመት ቢቆይ አበዳሪው 240,000 ብር ተቀብሏል፤ ዋናው ዕዳ ግን አንድ ብር እንኳ አልቀነሰም። ባለ ቤቱም ቤቱ በእጁ ስለሌለ ዋናውን የሚከፍልበት ገቢ የለውም። እንዲህ እያለ ዘመን ካለፈና ምስክሮቹ ከሞቱ በኋላ፥ በመያዣ የገባው ቤት የአበዳሪው ርስት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው መንገድ ሽያጭ መስሎ የሚጻፍ ብድር ነው። በዚህ ጊዜ አበዳሪው የብድር ውል አያስጽፍም፤ የቤት ሽያጭ ውል ያስጽፋል። የብድሩ ገንዘብ የቤቱ ዋጋ ተብሎ ይገባል። በቃል ግን «ገንዘቤን በቀኑ ብትመልስ ወረቀቱን እቀድልሃለሁ» ተብሎ ቃል ይሰጣል።

በንግድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ ላይ ሳለሁ ያየሁት አንድ ጉዳይ ይህን በሚገባ ያስረዳል። አንድ በዕድሜ የገፉ የጫት ነጋዴ ወረቀት ይዘው መጥተው «ልጄ፥ የብድር ውሌ ነውና የምመልስበትን ቀን አንብበህ ንገረኝ» አሉኝ። ውሉ የተጻፈው በአማርኛ ነበር፤ እርሳቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ሲሆን አማርኛ ቢሰሙም አያነቡም። አንብቤ ስጨርስ «አባባ፥ ይህ ወረቀት ስለ ብድር አንዲት ቃል አይናገርም፤ ቤትዎን በ150,000 ብር ሸጠው ዋጋውን እንደ ተቀበሉ ነው የሚለው» ከማለት በቀር የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው 150,000 ብር ለአራት ወር መበደራቸውን እንጂ ቤት መሸጣቸውን ፈጽሞ አያውቁም። ነገሩ በሽማግሌዎች ታይቶ፥ ዋናውን ከነ60,000 ብር ጭማሪ ከፍለው ወረቀቱ በፊታቸው ተቀደደ። ለዚህም ያደለቧቸውን በሬዎች ያለ ጊዜያቸው በርካሽ ሸጡ። ሽማግሌ ያልደረሰለትና አበዳሪው እሺ ያላለለት ሰው ግን ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ አያልቅለትም፤ በጽሑፍ የሰፈረውን የውል ቃል በሰው ምስክር ማፍረስ በሕጋችን እጅግ የጠበበ መንገድ ነውና።

ሐ. በሩ የተዘጋው በማን ላይ ነው?

ከዚህ በላይ የተነገረውን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ለምን ወደ ባንክ አይሄዱም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1879 ዓ. ም. ከተደረገው የጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሐረርጌ መሬት ሰፊ ክፍል ለሹማምንትና ለወታደሮች ተደልድሎ፥ በመሬቱ ላይ የነበረው ገበሬ ገባር፥ ቆይቶም ጭሰኛ ሆነ። አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው የቈረቈሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳደሩን በደንብና በሥርዓት ለማካሄድ የደከሙ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዓት የርስት ወረቀት የነበረው ሰው ወረቀቱን አሲዞ ሊበደር ሲችል፥ ጭሰኛው ግን የሚያሲዘው አልነበረውም። ልዩነቱ በሀብት ብቻ ሳይሆን በትውልድና በቋንቋም ጭምር የተከፈለ ነበር፤ የፍርድ ቤቱም ሆነ የውሉ ቋንቋ አማርኛ ስለነበረ፥ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ እንኳ የሌላ ሰው አፍ ያስፈልገው ነበር።

በ1967 ዓ. ም. ሁለት አዋጆች ይህን ሥርዓት ለወጡት። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው የሚያሲዘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በዘር፥ በብሔር፥ በቀለም፥ በጾታ፥ በቋንቋ፥ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ዛሬ በጭሮ «የእገሌ ዘር ነህና አናበድርህም» የሚል ደንብ የለም።

ነገር ግን ደንብ ባይኖርም ልዩነት ሊኖር ይችላል። እነሆ ዋና ዋናዎቹን እንዘርዝር።

የመጀመሪያው ካርታ ነው። ባንክ ቤትን በመያዣ የሚቀበለው የይዞታ ማረጋገጫ፥ በተለምዶ «ካርታ» የምንለው ወረቀት ሲኖረው ነው። በትናንሽ ከተሞች ከአባት የተወረሰ፥ በመንደር ውል የተገዛ፥ ወይም የገበሬ መሬት በነበረ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ግድግዳው ጽኑ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም በባንክ ዘንድ እንደ ሌለ ይቈጠራል። በሊዝ የተያዘ ቦታም ቢሆን በሊዝ አዋጁ በቁጥር 721/2004 መሠረት በዋስትና የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ነው።

ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። በአገራችን ክፍል አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ሲሆን፥ ወለድ መክፈልም ሆነ መቀበል በእስልምና የተከለከለ ነው። ለብዙ ዘመን በባንኮቻችን የነበረው ብድር ወለድ ያለበት ብቻ ስለነበረ፥ እምነቱን የሚጠብቅ ነጋዴ ባንኩ ሳያባርረው ራሱ ከባንኩ ደጅ ይመለስ ነበር። ከዚያም «እኔ ወለድ አልቀበልም፥ ቤቱን ብቻ ልያዝ» የሚል አበዳሪ ያገኘዋል። ዑለማዎቹ ግን ከብድር የሚገኝ ጥቅም ሁሉ ወለድ መሆኑን ስለሚያስተምሩ፥ ሰውየው ከወለድ ሸሽቶ ወደ ባሰ ወለድ መግባቱ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋና ጾታ ነው። ውሉ በማይነበብ ቋንቋ ሲጻፍ፥ ወይም ካርታው በባል ስም ብቻ ሆኖ ሚስት ሳትጠየቅ ሲቀር፥ አደጋው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ይበረታል።

በመጨረሻም የባንኮች ገንዘብ ራሱ የሚጠብብበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በኋላም ጣራውን ከፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ባንክ ገንዘቡን የሚሰጠው መያዣው ለጠነከረ ደንበኛ ነው፤ የትንሽ ከተማ ነጋዴ በሰልፉ መጨረሻ ይቀራል።

መ. በአሜሪካ አገር የሆነው

የተዘጋ በርና አራጣ እንዴት እንደሚጐዳኙ በግልጽ የታየው በአሜሪካ አገር ስለሆነ፥ ያንን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ብዙ አሜሪካውያን ቤታቸውን በዕዳ ሊያጡ ሲሉ፥ መንግሥቱ በ1933 የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽንን፥ በ1934 ደግሞ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርን አቋቋመ። የመጀመሪያው ድርጅት ከ200 በላይ የሆኑ ከተሞችን ሰፈሮች እያስመረመረ በአራት ቀለም የተለየ ካርታ አሠራ። አረንጓዴ የተቀባው ሰፈር ለብድር እጅግ የተመረጠ፥ ቀይ የተቀባው ደግሞ አደገኛ ማለት ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች፥ ቤቶቻቸው ደኅና ቢሆኑም እንኳ፥ ቀይ ይቀቡ ነበር። የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ለሚሰጥ ብድር ዋስትና አይሰጥም ነበር።

የባንኩ በር ሲዘጋ ሌሎች መጡ። በቺካጎ ከተማ፥ ይልቁንም ኖርዝ ላውንዴል በሚባለው ሰፈር፥ ቤት ሻጮች አንድ ቤት በርካሽ ገዝተው ለጥቁር ቤተ ሰብ እጅግ በተጋነነ ዋጋ በውል ይሸጡ ነበር። በውሉ መሠረት ገዢው የመጨረሻዋን ክፍያ እስኪከፍል ድረስ የቤቱ ባለቤትነት አይተላለፍለትም፤ ክፍያ ቢያጓድል ከቤቱ ሊባረርና እስከዚያ የከፈለውንም ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ሻጩም ያንኑ ቤት ለሌላው ይሸጣል። እንግዲህ ይህ ከእኛ የሽያጭ መሰል ብድር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ራሱ ይፍረድ። በዚያ የተበደሉት ሰዎች በ1968 «የውል ገዢዎች ማኅበር» የሚባል አቋቁመው፥ ክፍያ አንከፍልም እስከ ማለትና በፍርድ ቤት እስከ መክሰስ ደርሰዋል፤ ብዙዎቹም ውላቸው እንዲሻሻል ለማድረግ ችለዋል። በዚያው ዓመት በቤት ሽያጭ፥ ኪራይና ብድር ላይ በዘር ምክንያት ልዩነት ማድረግን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ሕጉ ከወጣ በኋላም ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በነበሩት ዓመታት፥ ደኅና ብድር ሊያገኙ ይችሉ የነበሩ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ወደ ውድ ብድር ተመርተዋል ሲል የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ትልልቅ አበዳሪዎችን ከስሷል። በ2011 ካንትሪዋይድ በተባለው አበዳሪ ጉዳይ 335 ሚሊዮን ዶላር፥ በ2012 ደግሞ በዌልስ ፋርጎ ባንክ ጉዳይ 175 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደርጓል፤ አበዳሪዎቹ ግን ጥፋቱን አላመኑም። መጀመሪያ ብድር የተነፈገው ሰፈር፥ ኋላ ክፉ ብድር የሚሸጥበት ገበያ ሆነ ማለት ነው።

በአሜሪካ ካርታ ተሠርቶ ሰውን ከብድር ከለከለ። በእኛ አገር ካርታ ማጣት ሰውን ከብድር ይከለክላል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ በዚያ የሰው ቀለም ሆን ተብሎ ተመዝኖ ነበር፥ በእኛ ዘንድ ግን የሚመዘነው ወረቀት ነው። ፍጻሜው ግን ይመሳሰላል፤ የተዘጋ በር ባለበት ሁሉ አራጣ አበዳሪ ይቆማል።

ሠ. ሕጋችን ስለዚህ ምን ይላል?

ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡት ዋና ዋና የሕግ ቃላት ጥቂት ናቸው።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል በቁጥር 2472 ይናገራል። በቁጥር 2479 ደግሞ ተዋዋዮች ከዓመት 12 በመቶ የበለጠ ወለድ ሊዋዋሉ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ይህ የወለድ ልክ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ነው፤ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይመራሉ።

በቤት ላይ የሚደረግ የመያዣ ውል በጽሑፍ ሆኖ የዕዳውን ልክ በኢትዮጵያ ገንዘብ ለይቶ መግለጽ አለበት፤ ሥራ ላይ የሚውለውም ቤቱ በሚገኝበት ስፍራ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ከሁሉም በላይ ቁጥር 3060ን ማስታወስ ይገባል። በዚህ ቁጥር መሠረት «ገንዘቡ በቀኑ ካልተከፈለ ቤቱ የአበዳሪው ይሁን» ወይም «አበዳሪው ሕጉ ካዘዘው ሥርዓት ውጭ ይሽጠው» የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም፤ ከመያዣው ውል በኋላ ቢደረግም ዋጋ የለውም። ለባንኮች ግን በ1990 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ልዩ ሥልጣን ሰጥቷል፤ በውል ከተስማሙ ለባለ ዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን በሐራጅ ሊሸጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከባንክ የተበደረ ሰው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ባንኩ ዘንድ ቀርቦ መነጋገር ይኖርበታል።

አራጣ በወንጀልም ያስቀጣል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 የሌላውን ሰው ችግር፥ ጥገኝነት ወይም ያለማወቅ መሣሪያ አድርጎ ከተፈቀደው በላይ ወለድ የሚያበድርን ሰው በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል። የቤተ ሰብ ሕጉም የባልና የሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥና እንዳይያዝ ይከለክላል።

ረ. ለነጋዴው የሚሰጥ ምክር

1ኛ. ለብድር ብላችሁ የሽያጭ ውል አትፈርሙ። አበዳሪው ወንድማችሁ ቢሆንም እንኳ ብድር ብድር፥ ሽያጭ ሽያጭ ተብሎ ይጻፍ። ገንዘቡ ያልተሞላበት ቼክም ፈርማችሁ አትስጡ።

2ኛ. ውሉን በምትሰሙት ቋንቋ አስነብቡ፤ ካልገባችሁ ዛሬ አትፈርሙ። የሚያነበውም ሰው በአበዳሪው የመጣ ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁት ይሁን። የውሉንም አንድ ቅጂ ተቀብላችሁ አኑሩ።

3ኛ. ወለዱን በወር ሲነግሯችሁ በ12 አባዙት። ወለድ አገድም ሲሆን የቤቱን የዓመት ኪራይ ለብድሩ አካፍሉት። ያን ጊዜ ስሙን ያልጠራው ወለድ ፊት ለፊት ይታያችኋል።

4ኛ. በከፈላችሁ ቊጥር ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በባንክ በኩል መክፈል ከሁሉ ይሻላል። ዕዳው ሲያልቅም መያዣው ከመዝገቡ እንዲሰረዝ አድርጉ። ገንዘቡ ተከፍሎ መያዣው ሳይሰረዝ የቀረ ቤት፥ ለልጆች የሚወርሰው ክርክር ነው።

5ኛ. ካርታ የሌላችሁ፥ ችግር ከመምጣቱ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ካርታ የሚፈለገው ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን ከአራጣ ለመዳን ነው።

6ኛ. የተከፈቱትን በሮች ሞክሩ። በ2000 ዓ. ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት መንገድ ከከፈተ በኋላ ልዩ ልዩ ባንኮች ይህን አገልግሎት ጀምረዋል፤ በ2013 ዓ. ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ሙራበሓ በሚባለው አሠራር ባንኩ ገንዘብ አያበድርም፤ ነጋዴው የሚፈልገውን ዕቃ ራሱ ገዝቶ፥ ትርፉን በግልጽ ነግሮ፥ በጊዜ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያደገው ሲንቄ ባንክም አለ። በ2011 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት ከብት፥ የእርሻ ምርትና ሸቀጥ የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ተመዝግቦ ሊያበድር ስለሚችል፥ በሬ ያለው ሰው ወዲያው ቤቱን እንዲያስይዝ አይገደድም። ዕቁብና የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም ለአጭር ጊዜ ችግር የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው።

ይህ ምክር ለተበዳሪው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከአንባብያን መካከል ገንዘብ የሚያበድሩም እንዳሉ እናውቃለን። ለጎረቤት ነጋዴ በችግሩ ጊዜ ማበደር በጎ ሥራ ነው፤ በሕግ በተፈቀደው ልክ ጥቅም ማግኘትም የተገባ ነው። ነገር ግን በሽያጭ ስም የተጻፈ ብድር ለአበዳሪውም አስተማማኝ አይደለም። የሚስት ፈቃድ ከሌለበት ክርክር ይነሣበታል፤ ብድር መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ አበዳሪው ከገንዘቡ አልፎ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በትክክል ተጽፎ የተመዘገበ መያዣ ግን በፍርድ ቤት ይጸናል፤ ወለዱ ቢያንስም ዋናው አይጠፋም።

ከዚህም ሌላ የሚታይ ጉዳይ አለ። አንድ ነጋዴ ቤቱን ሲያጣ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ሲዘጋ በዱቤ ዕቃ የሰጠው ጅምላ ሻጭ፥ ጫቱን ያስረከበው ገበሬ፥ ዕቃውን የሚያመላልሰው ባለ መኪና ሁሉ ገንዘባቸው ይቀራል። በአራጣ አንድ ሰው ያተርፋል፥ ገበያው ግን ይጐዳል። ስለሆነም የንግድ ማኅበሮቻችን፥ ማዘጋጃ ቤቶችና ባንኮች ተመካክረው የካርታውን ሥራ ቢያፋጥኑ፥ ውልም ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፥ ለነጋዴው ከሚሰጡት ብዙ ገንዘብ ይልቅ የበለጠ ይጠቅሙታል። እስከዚያው ድረስ ግን ማንኛውም ነጋዴ ቤቱን ለሚያስይዝበት ወረቀት፥ ቤቱን ለመሥራት ካጠፋው ጊዜ ጥቂቱን እንኳ ሰጥቶ እንዲያነበው በትሕትና እናሳስባለን።